ጠያቂዎች ሆይ፣ ገመድ ይዛችሁ ሂዱ

ጥፋታችንን በመናዘዝ እንጀምር።

የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ እህት የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ግራ ጡቷ በኦፕራሲዮን ተወገደ። ከሆስፒታል በወጣች በማግስቱ ልንጠይቃት ሄድን። አገሩ ሁሉ እንደሚያደርገው ብርቱካን፣ ሙዝና የታሸገ ጭማቂ ይዘን፣ «እግዜር ይማርሽ» ብለን ዙሪያዋን ተቀመጥን። ትንሽ ቆይታ ውኃ ልትጠጣ ግራ እጇን ወደ ብርጭቆው ዘረጋች። ቤቱ በአንድ ድምፅ ጮኸ።

«ተይ! ተይ! ስፌቱ ይፈታብሻል!»

ከእኛ መሀል አንዱ ብድግ ብሎ ብርጭቆውን አነሳና አፏ ድረስ አቀረበላት። እናትየው መረቁን። «እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር ልጆቼ» አሉን። እኛም ኮራን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ እጅ ሥራ ፈታ። እህቷ ታጎርሳታለች፣ እናቷ ፀጉሯን ያበጥሩላታል፣ ጎረቤቷ ነጠላዋን ታስተካክልላታለች። እሷም ክንዷን ከጎኗ ጋር አጣብቃ፣ ክርኗን አጥፋ፣ እንደ ተሰበረ ክንፍ ታቅፋው ከረመች። እኛ በየሳምንቱ እየሄድን «ጎሽ፣ እንደሱ እረፊ» እንላታለን።

ወራት አለፉ። ኬሞዋን ጨረሰችና የጨረር ሕክምና ተራዋ ደረሰ። ለጨረር መጀመሪያ ልኬት ይወሰዳል። ታካሚዋ በጀርባዋ ተኝታ የታመመውን ጎን ክንድ ከራሷ በላይ አንስታ መቆየት አለባት፤ አለዚያ ጨረሩ የሚፈለገው ቦታ ላይ በትክክል አያርፍም። እህታችን ክንዷን አነሳች። ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። በሌላኛው እጇ ደግፋ ገፋችው፤ እንባዋ መጣ እንጂ ክንዱ አልተነሳም። ባለሙያው በትሕትና «ሂጂና ክንድሽን አፍታተሽ ተመለሽ» አላት።

በአገራችን ለጨረር ወረፋ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለረጅም ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ እንደ ጅማ ባሉ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል፤ ፈላጊው ግን አሁንም ከማሽኑ ይበልጣል። እንግዲህ ያን ሁሉ ጠብቃ የደረሰች ሴት ክንዷ አልነሳ ብሎ ተመለሰች። በግልጽ እንናገረው፦ ጨረሩ በእኛ ጉርሻ ምክንያት ዘገየ።

ይህንን የምንጽፈው ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የሚበዛው የጡት ካንሰር ነው፤ ከሕመምተኞቹም ብዙዎቹ ገና በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። የእናንተም እናት፣ አክስት፣ የሥራ ባልደረባ ወይም እህት ልትሆን ትችላለች። ያን ጊዜ እኛ የሠራነውን እንዳትሠሩ ነው።

ለመሆኑ ምን ተደረገ?

በእኛ አገር ብዙ ሴቶች ሐኪም ቤት የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ስለዚህ በብዛት የሚሠራው ኦፕራሲዮን ጡቱን በሙሉ ከብብት ሥር ካሉት ንፍፊቶች ጋር ማውጣት ነው። ድሮ ከዚህም ይብስ ነበር። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ ከ1882 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስፋፋው ዘዴ ጡቱን ከሥሩ ካሉት የደረት ጡንቻዎች ጭምር ጠርጎ የሚያወጣ ነበር። በ1948 እንግሊዛዊው ዴቪድ ፔቲ ትልቁን የደረት ጡንቻ ሳይነኩ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ የሚሠራው የዚያ ልጅ ነው።

ጡንቻው ተረፈ ማለት ግን ትከሻ አልተነካም ማለት አይደለም። የደረት ቆዳ ተስቦ ጎድን ላይ ይሰፋል፣ ስለዚህ ይጠብቃል። በብብት በኩል የሚያልፍ ነርቭ ይቆረጣል ወይም ይጎዳል፣ ስለዚህ የላይኛው ክንድ ውስጠኛው ክፍል ይደነዝዛል ወይም ያቃጥላል። ሴትየዋም ስታመም ትከሻዋን ወደ ፊት ሰብሰብ ታደርጋለች፤ ሰው ቁስሉን መሸፈኑ ተፈጥሮ ነው። ጥቂት ሳምንት እንደዚያ ከቆየች የትከሻው መጋጠሚያ ራሱ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ችግሩ የስፌቱ መሆኑ ይቀርና የትከሻው ይሆናል።

ሌላም አለ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንዳንዶቹ ላይ ከብብት ተነስቶ ወደ ክርን፣ አንዳንዴም እስከ አንጓ የሚወርድ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ነገር ከቆዳ ሥር ይታያል። ክንድ ሲዘረጋ ይስባል፣ ያማል። ያየችው ሁሉ «ካንሰሩ ወደ እጄ ወረደ» ብላ ትደነግጣለች። ካንሰር አይደለም፤ ቀስ በቀስ ሲፍታታ የሚለቅ ነገር ነው። በሌለ ጡት ላይ ማሳከክም አለ። «አበድኩ እንዴ?» ብላ ለማንም ሳትናገር የምትቀመጥ ብዙ ናት። አላበደችም። ጡቱ ቢሄድም ነርቩ ከአእምሮ ጋር ወሬውን አላቋረጠም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ ሰውን ሁሉ የሚያስፈራው ከጎኗ የሚወጣው ቀጭን ቱቦና ጫፉ ላይ ያለው ፈሳሽ መያዣ ነው። ፈሳሹ ከቁስሉ ሥር እንዳይጠራቀም ነው የሚቀመጠው። በየቀኑ ስንት እንደወጣ ተለክቶ ይጻፋል። ብዙ ቦታ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ይነቀላል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ከተነቀለ በኋላ ቦታው እንደገና ውኃ ቢቋጥር ሐኪሙ በመርፌ ሊቀዳው ይችላል። ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ መግል ወይም ድንገተኛ እብጠት ከመጣ ግን ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ሐኪም ነው።

ዕረፍት ማለት የቱ ነው?

እኛ «እረፊ» ስንል «አትንቀሳቀሺ» ማለታችን ነበር። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሐኪሟ የተለየ ነገር ካላዘዛት በስተቀር እጇ ሥራ የሚጀምረው በማግስቱ ነው። ከባድ ሥራ አይደለም። በገዛ እጇ መብላት፣ ብርጭቆ ማንሳት፣ ፊቷን መታጠብ፣ ፀጉሯን ማበጠር፣ ቁልፏን መቆለፍ። ጣቶቿን ጨብጣ መልቀቅ፣ ክርኗን አጥፋ መዘርጋት፣ ሁለቱን ትከሻዎች ወደ ላይ አንስታና ወደ ኋላ አዙራ መመለስ። ቀስ ብላ በረጅሙ መተንፈስ። ስትተኛ ከክንዷ ሥር ትራስ ማድረግ። ቱቦው እስኪወጣ ድረስ ክርኗን ከትከሻዋ ከፍታ በላይ አለማሳለፍ። በቃ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ይኸው ነው።

ቱቦው ወጥቶ ሐኪሙ «ይቻላል» ሲል ግድግዳ ይመጣል። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቆምና ጣቶቿን እንደ ሸረሪት እያስኬደች ወደ ላይ ትወጣለች። ሲስባት ትቆያለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትወርዳለች። የደረሰችበት ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ነገ አንድ ጣት ከፍ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ አንድ ጣት። ወይም በጀርባዋ ተኝታ ሁለት እጆቿን አቆላልፋ ደህናው የታመመውን እየደገፈ ወደ ራሷ በላይ ታነሳለች። ይህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው። የመሳብ ስሜት ያለ ነው፤ የሚወጋ ሕመም ግን «ቁሚ» ማለት ነው። ክንዱ ተነሳ ብሎም ማቆም የለም፤ ጨረር ራሱ ቆዳውንና ጡንቻውን ስለሚያደርቅ በጨረሩ ጊዜና ከዚያ በኋላም ለወራት ይቀጥላል።

ታዲያ ከምን ትረፍ? ከሃያ ሊትር ጀሪካን ትረፍ። ቡና ከመውቀጥ፣ ብርድ ልብስ ከማጠብ፣ ልጅ ከማዘል ትረፍ፤ ይህም ለመጀመሪያዎቹ አንድ ወር፣ አንድ ወር ተኩል ያህል ነው። እዚህ ላይ ነው ጠያቂ የሚያስፈልገው! ውኃ ቅዱላት፣ ልብስ እጠቡላት፣ እንጀራ ጋግሩላት። ማበጠሪያዋን ግን ለራሷ ተዉላት። እኛ የገለበጥነው ይህንን ነው። ቀላሉን ነጥቀናት፣ ወደየቤታችን ስንሄድ ከባዱ ጠበቃት።

ገመድና ኳስ

በዚህ ጉዳይ የመጀመሪያዎቹ ስሕተተኞች እኛ አይደለንም። በ1952 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ ቴሬሴ ላሰር የምትባል ሴት ጡቷ ተወገደ። ከዚያ በኋላ ክንዷን ምን ታድርገው፣ ምን ልበስ ብላ ትጠይቅ፣ የሚነግራት ጠፋ። ከዳነች በኋላ ራሷ የሌሎች ሴቶች ጠያቂ ሆነች። አዲስ ኦፕራሲዮን የሆኑ ሴቶች ዘንድ ትሄድና ሦስት ነገር ትሰጣቸዋለች፦ እየጨበጡ እጅ የሚያሠሩበት የጎማ ኳስ፣ ክንድ የሚያነሱበት ገመድ፣ ጡት ማስያዣ ውስጥ የሚገባ ለስላሳ ነገር። አንዳንድ ሐኪሞች «ሥራችን ውስጥ ገባች» ብለው አልወደዱላትም። እሷ ግን አልተወችም። በ1969 የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ፕሮግራሙን ተረከበው፤ ዛሬ በብዙ አገሮች አለ።

ገመዱ እንዴት እንደሚሠራ እንንገራችሁ። በር ተከፍቶ በበሩ አናት ላይ ገመድ ይንጠለጠላል። ሴትየዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጇ ትይዛለች። ደህናው እጅ ወደ ታች ሲስብ የታመመው ወደ ላይ ይወጣል። ገመዱ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው፤ ከመርካቶም ከሰፈር ሱቅም ይገኛል። ከወሰድነው ብርቱካን ይረክሳል።

እኛ ጠያቂ በማጣት የምንታማ ሕዝብ አይደለንም። ዕድሩ አለ፣ ማኅበሩ አለ፣ ጎረቤቱ አለ። ሰው ሲታመም ቤቱ በሰው ይሞላል። የጎደለን ምን ይዘን መሄድ እንዳለብን ማወቁ ነው።

«በዚያ እጅሽ ለዘላለም ዕቃ እንዳታነሺ»

ይህችም ምክር ከቤት ቤት ትዞራለች። ሐሳቡ ከየትም አልመጣም። የብብት ንፍፊቶች ሲወጡ የሊምፍ ፈሳሽ መመለሻው ይጠባል፤ አንዳንድ ሴቶች ላይ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ክንዱ ያብጣል። ብዙ ንፍፊት ከወጣና ጨረር ከተጨመረ ዕድሉ ይሰፋል። ሐኪሞችም ራሳቸው ለረጅም ጊዜ «ከባድ አታንሺ፣ ክንድሽን አታድክሚ» ሲሉ ኖረዋል።

በ1996 (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ ዶን ማኬንዚ የተባለ የስፖርት ሐኪም ይህንን ተጠራጠረ። የጡት ካንሰር ያለፋቸውን 24 ሴቶች ሰብስቦ ቀስ በቀስ አሠለጠነና በረጅም ጀልባ መቅዘፍ አስጀመራቸው። መቅዘፍ ሙሉ በሙሉ የክንድና የትከሻ ሥራ ነው። የተፈራው እብጠት አልመጣም። በ2009 ደግሞ በካትሪን ሽሚትዝ የተመራ ጥናት ክብደት ማንሳትን ከትንሽ ጀምረው በባለሙያ ክትትል ቀስ እያሉ የጨመሩ ሴቶች እብጠቱ እንዳልባሰባቸው አሳየ። እንዲያውም ጠንካራ ሆኑ።

ቁልፉ «ቀስ እያሉ» የሚለው ነው። ስድስት ወር ምንም ሳይነካ የቆየ ክንድ አንድ ቀን ድንገት ሙሉ ጀሪካን ቢያነሳ ይጎዳል። ከአንድ ሊትር ተነስቶ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት እያለ የሄደ ክንድ ሌላ ነው። የእኛን አገር ሴት «ለዘላለም አታንሺ» ማለት «ለዘላለም አትሥሪ» ማለት ነው። በእጇ ሠርታ ለምታድር ሴት ይህ ምክር ረሃብ ነው።

መጠንቀቅ ያለባት ከሌላ ነገር ነው። በዚያ እጅ ላይ ምጣድ ቢያቃጥላት፣ ቢላዋ ቢቆርጣት ቶሎ ታጥባ ትሸፍነው፤ ቁስሉ ከተመረዘ እብጠት ሊጠራ ይችላል። ቀለበቷ ወይም የእጅጌዋ ጫፍ ከጠበቃት፣ ክንዷ ከከበዳት፣ ሳይቆይ ትታይ። እብጠት መጀመሪያው ላይ ሲያዝ ነው የሚሻለው።

ደረቱ ሜዳ ሲሆን

አሁን ስለማይወራው ነገር እናውራ። በሌላ አገር ጡት ከተወገደ በኋላ ሌላ ጡት በኦፕራሲዮን መሥራት አለ። በእኛ አገር ይህ ለአብዛኞቹ ሴቶች የማይገኝ ነገር ነው። ስለዚህ የብዙዎቹ ደረት በአንድ ጎን ሜዳ ሆኖ ይቀራል።

ይህንን እንደ ግማሽ ሕክምና የምናየው ከሆነ ተሳስተናል። ሌላ ጡት የማሠራት ዕድል እያላቸው «አልፈልግም» የሚሉ ብዙ ሴቶች በአውሮፓና በአሜሪካ አሉ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ ተጨማሪ ኦፕራሲዮን የለም፣ ማገገሚያው ያጥራል፣ ከሌላ የሰውነት ክፍል ሥጋና ቆዳ አይወሰድም። የሚጠይቁት ጠባሳው ሳይጨማደድና ትርፍ ቆዳ ሳይንጠለጠል ደረቱ በንጽሕና እንዲዘጋ ነው። በ2020 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ይህንን አሠራር ስም ሰጥቶ በሕክምና መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አስገብቶታል። ይህንን ጥያቄ የአዲስ አበባም፣ የጎንደርም ሴት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሐኪሟን ልትጠይቅ ትችላለች፦ «ሲዘጋ ምን ይመስላል? በብብቴ በኩል ትርፍ ቆዳ ይቀራል ወይ?»

ከዚያ በኋላ ምርጫው የእሷ ነው። ጡት ማስያዣዋ ውስጥ በጥጥ የተሞላ ጨርቅ የምታስገባ አለች። ቁስሉ እስኪድን ቀለል ያለና ለስላሳ ነገር ይሻላታል፤ ከበድ ያለው የሲሊኮን ዓይነት ሙሉ በሙሉ ከዳነች በኋላ ነው። ትልቅ ጡት ያላት ሴት አንዱ ሲሄድ ሰውነቷ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ሊመስላት፣ አንገቷና ጀርባዋም ሊያማት ይችላል፤ ለእሷ ክብደት ያለው ነገር ማድረግ ሊያግዛት ይችላል። ምንም ሳታደርግ በሜዳ ደረቷ ቲሸርት ለብሳ የምትወጣም አለች። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ትክክል ያልሆነው ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ ደረቷ ላይ ማፍጠጥ ነው።

ባሎችም፣ እጮኞችም ስሙ። ጠባሳውን አብራችሁ እዩት። ብዙ ሴቶች ጨለማ ውስጥ ልብስ መቀየር የሚጀምሩት በዚህ ሰሞን ነው። ሁልጊዜ በነጠላና በሹራብ ተሸፍኖ፣ ትከሻ ታጥፎ የሚኖር ደረት አይፍታታም። ኀፍረትም ትከሻ ያደርቃል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጠባሳውን በቅባት ቀስ አድርጎ ማሸት ቆዳው ከጎድን ጋር እንዳይጣበቅ ይረዳል፤ እሷ እስክትለምደው እጃችሁ ሊያግዛት ይችላል።

«ይህ የሐኪም ቤት ሥራ አይደለም ወይ?»

ነው እንጂ! ጡት የሚያወጣ ሆስፒታል ሁሉ ሴትየዋን ሳያሰናብት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊያሳያት ይገባል። ባለሙያ ባይበቃ እንኳ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ሥዕል ያለበት አንድ ወረቀት ይበቃል። አንድ ገጽ! ይህንን መጠየቅ አለብን፤ እየጠየቅንም ነው።

ነገር ግን ሆስፒታሉ ጋር የምትቆየው ጥቂት ቀን ነው። ከእኛ ጋር የምትቆየው ወራት ነው። ወረቀት ይዛ ብትመጣ እንኳ «ተይ! ተይ!» ብሎ የሚጮህ ቤት ወረቀቱን ያሸንፈዋል። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ሮዝ ቲሸርት ለብሰን እንሄዳለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ «ጡትሽን ተመርመሪ» እንላለን። ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ተመርምራ፣ ተገኝቶባት፣ ተቆርጣ ወደ ቤት ለተመለሰችው ግን ሮዝ ሪባን ክንድ አያነሳላትም።

የእኛ እህት ነገር እንዲህ ሆነ። አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አገኘችና ግድግዳውን ጀመረች። ሳሎናቸው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የጠመኔ መስመሮች ተደረደሩ። እናትየው መጀመሪያ «ግድግዳዬን!» ብለው ነበር፤ በኋላ በየማታው መስመሩን የሚያሰምሩት እሳቸው ሆኑ። ከሳምንታት በኋላ ክንዷ ከራሷ በላይ ወጣ፤ ጨረሯንም ጀመረች፤ ጨረሰችም። ባለፈው ልንጠይቃት ስንሄድ የትንሿ ልጇን ፀጉር ሹሩባ እየሠራች አገኘናት። አንዱ ከእኛ መሀል፣ ልማድ ሆኖበት፣ «ተይ እንጂ፣ ይደክምሻል» ሊል አፉን ከፈተ።

እናትየው ቀደሙት። «ዝም በል አንተ» አሉት። «ይልቅ ተነስና ውኃውን ቅዳ።»